በሊማሊሞ የወጣ ቅመም

በሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃ በር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ፋታ አይሰጥም። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ውለው ሌሊቱን ወደሚያሳልፉበት ገደል ወርደዋል። በቅሎ ነጂዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳቱን ከበዋል። ከደባርቅ አብሮን የመጣው ወጥ ሠሪ ደግሞ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ቀይ ሽንኩርት ይከትፋል። ቦታው ከባሕር ወለል 3,250 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሆነ ክክ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ብዙ ይቆያል፤ ወጥ ሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ክኩን ገና ከጠዋቱ ዘፍዝፎታል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ ድስቱ ላይ ጣለና በማማሰያ ያገላብጠው ጀመር። እስኪጠወልግ፣ ከዚያም ቡላማ እስኪሆን ጠበቀው። ዘይት ጠብ አደረገ፤ በርበሬውን ነሰነሰ፤ እንዳያርር ውሃ በጭልፋ ጠብ ጠብ እያደረገ ቁሌቱን አበሰለ።

ሽታው ድንኳኖቹ ጋ ሲደርስ አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ መጣችና ድስቱ ላይ አጎነበሰች። «ከሪ!» አለች በደስታ። ወጥ ሠሪው ቀና ብሎ «ወጥ ነው» አላት። እሷ ደግማ «ከሪ» አለች፤ እሱም ድምፁን ሳይለውጥ «ወጥ» አላት።

የእሱን መልስ እጋራለሁ። ወጥ ከሪ አይደለም፤ የከሪ ልጅም ወንድምም አይደለም። ግን የእንግዳዋ አፍንጫ ጨርሶ አልዋሸም። ሁለቱ የአንድ ባሕር ጎረቤቶች፣ የአንድ ገበያ ደንበኞች ነበሩ። ከሕንድ የተነሳው ቅመም ወደ ጎንደር የገባው እዚህ አጠገብ ባለው በሊማሊሞ ዳገት ነው። ስለዚህ የከሪን ታሪክ ከዚህ አምባ ላይ ሆኖ መተረክ ይቻላል፤ እንዲያውም ከዚህ ሲታይ ብዙ ነገር ይጠራል።

ከሁሉም አስቀድሞ የሸክላ ድስት ነበረ። ከደልሂ በስተምዕራብ ፋርማና በተባለ ጥንታዊ ሰፈር ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው ማብሰያ ሸክላዎችና ከሰው ጥርስ ላይ ተመራማሪዎች የእርድና የዝንጅብል ቅሪት አግኝተዋል። እነዚያ ሰዎች ምግባቸውን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር የሚነግረን ጽሑፍ የለም፤ ከሪ የሚለው ቃል ግን የመጣው በደቡብ ሕንድ ከሚነገረው ከታሚል ቋንቋ ነው። ካሪ ማለት ሩዝ የሚበላበት ማባያ ነው። ሕንዶች ራሳቸው ምግባቸውን ሁሉ በዚህ ስም አይጠሩትም። ሳምባር ሳምባር ነው፣ ኮርማ ኮርማ ነው፣ ዳልም ዳል። ሁሉን ጠቅልሎ አንድ ስም የሰጠው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። ሳንቃ በር ላይ የሰማሁትም የዚያኑ ልማድ ቅሪት ነበር።

አሁን ወደ ጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ፣ ወደ አዱሊስ እንውረድ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክ የመርከበኞች መመሪያ ከሕንድ ወደ አዱሊስ ብረት፣ አረብ ብረትና የጥጥ ልብስ ይመጣ እንደነበር፣ ከዚህም የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ይጫን እንደነበር ይዘረዝራል። ከዚያ 400 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ፣ ንጉሥ ካሌብ ለየመን ዘመቻ ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ደረሰ። ንጉሡ በወደቡ ያለውን የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ እንዲልክለት የአዱሊስን ሹም ጠየቀ፤ ገልባጩም ኮስማስ ሆነ። ጽሑፉ የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድል ዝርዝር ነበር። ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ከወንዝ ማዶ፣ መውጫው በሚያስቸግር ተራራ ላይ፣ በረዶና ውርጭ በማይለየው አገር፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ በሚሰጥምበት ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ይገኛሉ። ስማቸውም ሰሜን ይባላል።

ያው ኮስማስ በኋላ መነኩሴ ሆኖ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ሕንድ የማላባር ጠረፍ ይተርካል። ቁንዶ በርበሬ ረጅም ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ መሆኑን፣ የሚሸጥባቸውንም ወደቦች ይናገራል። የሰሜንን በረዶና የማላባርን ቁንዶ በርበሬ በአንድ መጽሐፍ ያገናኘ ሰው ከእሱ በፊት አላውቅም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ድስቱ አጠገብ የቆመው ወጥ ሠሪ ትዝ ይለኛል፤ ለካ የሁለቱ አገሮች ስም ከ1,400 ዓመት በፊትም በአንድ ብራና ላይ ጎን ለጎን ነበር።

የንግዱ ምልክት መሬት ውስጥም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1940 (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን ወርቅ ሳንቲሞች ወጥተዋል፤ ኩሻኖች ሰሜን ሕንድን የገዙ ነገሥታት ናቸው። ደብረ ዳሞን ልብ በሉት፤ እንመለስበታለን።

በዚያ ሁሉ ዘመን የአበሻ ማጀት ባዶ አልነበረም። ኮረሪማ የራሱ የአገሩ ቡቃያ ነው። ጦስኝ ዛሬም በሰሜን ደጋ ሣር መካከል ይበቅላል፤ ሳንቃ በር ላይ በሻይ የሚፈላውም እሱ ነው። ኮሰረትም አለ፣ ሰናፍጭም አለ። ከውጭ ከመጡት ጥምዝና ዝንጅብል ነበሩ፤ ቁንዶ በርበሬ ደግሞ የጌቶች ነበር። ወጡ ቀይ ከመሆኑ በፊት ያቃጥል የነበረው በእነዚህ ነው። ዛሬ በርበሬ የምንለው ቃል ራሱ ከቀዩ ተክል በዕድሜ ይበልጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ቁንዶ በርበሬን ከሚጠራው ከግሪኩ ፔፔሪ ጋር ያዛምዱታል። ስሙ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ኋላ መጣበት ማለት ነው።

ባለቤቱ የመጣው ከሌላ ዓለም ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ወጥቶ አሜሪካ ላይ ቀይ ዛላ አገኘ። ከስድስት ዓመት በኋላ ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ በ1498 ካሊከት ደረሰ። ፖርቱጋሎች በ1510 ጎዋን ያዙ፤ ዛላውም ከአሜሪካ በመርከባቸው ተጭኖ የሕንድን አፈር አገኘ። ከዚያ በፊት ከሕንድ ድስቶች አንዱም ቃሪያ አያውቅም ነበር። ዛሬ ያለ ቃሪያ የሕንድን ምግብ ማሰብ አይቻልም፤ ቪንዳሉ የሚባለው የጎዋ ምግብም ስሙን ያገኘው ሥጋን በወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት ከሚዘፈዝፉበት የፖርቱጋል አሠራር ነው። የሕንድ ከሪና የእኛ ቀይ ወጥ ቀለማቸውን ያገኙት ከአንድ እንግዳ ተክል፣ በአንድ ዘመን በተከፈተ መንገድ ነው። ቀይ ወጥን ከሕንድ የተማርነው አድርጎ ማየት ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። ሁለታችንም ከአንድ መርከብ ተበድረን እያንዳንዳችን በየቤታችን ያበሰልነው ነው።

መርከቡ ወደ እኛም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምፅዋ ወርደው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ወጡ። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ጽፏል፤ ለንጉሡ ካቀረቡት እጅ መንሻ አንዱ ቁንዶ በርበሬ ነበር። ያን ጊዜ ቁንዶ በርበሬ በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ መንገደኛው ስንቁንም የሚገዛበት በእሱ ነበር።

ከ21 ዓመት በኋላ የመጡት ግን ነፍጥ ይዘው ነው። በ1541 ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ኢማም አህመድን ለመውጋት 400 ወታደሮች አስከትሎ ከምፅዋ ወደ ደጋው ወጣ። አባቱ የቁንዶ በርበሬን የባሕር መንገድ የከፈተው ቫስኮ ዳ ጋማ ነው፤ እሱም በ1524 የሞተው ኮቺን በተባለች የማላባር ወደብ ነው። የክሪስቶፎሮ ወንድም ደግሞ የፖርቱጋል ሕንድ ገዥ ነበር። ወጣቱ የጦር አለቃ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የልብነ ድንግልን ባለቤት ንግሥት ሰብለ ወንጌልን ከተጠለሉበት አምባ አክብሮ ማውረድ ነበር። አምባው ደብረ ዳሞ ነው፤ የሕንድ ወርቅ ሳንቲም ከ400 ዓመት በኋላ የሚወጣበት ያው አምባ።

በ1542 ክረምት ክሪስቶፎሮ የሰሜንን አምባ ለመያዝ ተነሳ። አምባው ቤተ እስራኤል የሚኖሩበት፣ በኢማም አህመድ ሰዎች እጅ የወደቀ ምሽግ ነበር። አገሩን የሚያውቅ አንድ ቤተ እስራኤላዊ መንገዱን አሳየው። ክሪስቶፎሮ መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ብቻ ይዞ፣ ተከዜን በክረምት ሙላቱ ተሻግሮ፣ አምባውን ያዘ፤ ፈረስም ማረከ። ከዚያ ወደ ዋናው ሰፈሩ ተመለሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወፍላ በተደረገው ጦርነት ድል ሆኖ ተማረከና ተገደለ። የሞቱት ጓደኞቹ ብዙ ናቸው፤ የተረፉት በማግሥቱ ዓመት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ወይና ደጋ ላይ ድል አድርገው በዚሁ አገር አግብተው ቀሩ። የቁንዶ በርበሬው ንጉሥ ልጅ የሰሜንን ጭጋግ አይቶ ነው የሞተው። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲጽፉ ስለ ጦሩ እንጂ ስለ ቅመሙ አያነሱም፤ እኔ ግን ሁለቱን ለይቼ ማየት አልሆነልኝም።

ከዚያ በኋላ ከጎዋ የሚመጡት ካህናት ሆኑ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ መጀመሪያ ኢየሱሳውያንን አባርረው በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። የፖርቱጋልን በር ዘጉ እንጂ የሕንድን አልዘጉም። በ1660ዎቹ አርመናዊውን ነጋዴ ኾጃ ሙራድን መልእክተኛ አድርገው ደልሂ ድረስ፣ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ላኩት፤ በርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እዚያው ደልሂ አግኝቶት ጽፎለታል። ጎንደር ሰላሟን ስታገኝ ገበያዋ ሰፋ። እስላሙ ነጋዴ፣ ጀበርቲው፣ በነጋድራስ እየተመራ ወደ ምፅዋ ይወርድና ይወጣ ጀመር። ምፅዋ ላይ የሚቀበሉት ነጋዴዎች ከፊሎቹ ባንያኖች፣ ከጉጃራት የመጡ ሕንዶች ነበሩ።

የቅፍለቱን መንገድ ዛሬም በእግር መከተል ይቻላል። ከምፅዋ ወደ አድዋ፣ ከአድዋ ወደ ሽሬ፣ ከዚያ ወደ ተከዜ ሙቀትና ወባ መውረድ ነው። ተከዜን ተሻግሮ የዋልድባን ቆላ አቋርጦ ሲመጣ ከፊት ሊማሊሞ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። አህያና በቅሎ ጭነቱን ተሸክሞ የሚወጣው ጥምዝምዙን መንገድ ተከትሎ ነው፤ የደከመውን አራግፈው በሰው ጀርባ ያወጡለታል። ዳገቱ ላይ ቀራጭ ይጠብቃል። ጨርቁ ይቆጠራል፣ ቁንዶ በርበሬውና ቅርንፉዱ ይታያል። ከዚያ ደባርቅ፣ ከዚያ ዳባት፣ ከዚያ ወገራን አልፎ ጎንደር። መመለሻው ባዶ አልነበረም። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሰም፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውም በባርነት በዚያው ዳገት ወርዷል። ኮረሪማም ወርዷል። ከጊቤ ማዶ ተለቅሞ፣ በጎጃሙ የባሶ ገበያ ተሸጦ፣ ምፅዋ ላይ ለዐረብና ለሕንድ ይጫን ነበር። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ እንደነበርን የሚቆጥሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የምነግራቸው ይህን ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ በዚሁ በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ገባ። ስለ ጎንደር ግብር ሲጽፍ ጥሬ ሥጋው በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ በቁንዶ በርበሬ ወይም በቀይ በርበሬ እና በጨው ይበላ እንደነበር ይናገራል። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። አሮጌው ማቃጠያና አዲሱ በአንድ ማዕድ ላይ ናቸው፤ ገና አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። ያሸነፈው ቀዩ ነው። ምክንያቱም ቁንዶ በርበሬ ባሕር ተሻግሮ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት የሚመጣ ውድ ነገር ነው፤ ቀዩን ዛላ ግን የወይና ደጋ ገበሬ ከጓሮው ይለቅመዋል። ለድሃው ማጀት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የሰሜን ደጋ እንኳ፣ ብርዱ በርበሬ ባያበቅልለትም፣ ገብሱንና ባቄላውን ወደ ገበያ አውርዶ በርበሬ ጭኖ ይመለስ ነበር፤ ዛሬም ይመለሳል።

እዚህ ላይ ስለ ድለዛው ካልነገርኩ የነገርኩት ሁሉ ጎደሎ ነው። ዳባት ላይ አያቴ በርበሬ የምታዘጋጀው ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐዩ ሲጠና ነበር። ዛላው በጆንያ ይመጣል። እኛ ልጆች ዘንጉን እንቀነጥሳለን፤ እናስነጥሳለን፤ ዐይናችንን በክንዳችን እንጂ በእጃችን እንዳንነካ ስትጮህብን ትውላለች። ዛላው ታጥቦ ይሰጣል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና የጤና አዳም ፍሬ ይጨመርበትና በሙቀጫ ይደለዛል። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ዘነዘናውን ሲያፈራርቁት ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤትም ሰምቶ ሊያግዝ ይመጣል። የተደለዘው ታፍኖ ያድራል፤ ሽታው አንዱ ከሌላው እስኪዋሃድ ይቆያል። እንደገና ይሰጣል። ከሰሌኑ ላይ ዶሮ ማባረር የታናሹ ልጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ዓመት የእኔ ነበር። ከዚያ ኮረሪማው፣ ድንብላሉ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ አብሹ፣ ቅርንፉዱ ለየብቻ በምጣድ ይታመሳል፤ አብሹ ካረረ ሁሉን መራራ እንደሚያደርግ ስለምታውቅ እሱን ለማንም አትሰጥም። ጨው ገብቶበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ተፈጭቶ ይነፋል። የዓመት ወጥ በአንድ እንስራ ውስጥ ተከተተ ማለት ነው።

ልዩነቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በብዙ የሕንድ ቤቶች ቅመሙ የሚፈጨውና የሚዋሃደው ምግቡ በሚሠራበት ዕለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ ጠረኑን ያወጣል። የእኛ በርበሬ ግን ሳምንታት የፈጀ ሥራ አልቆለት ነው ድስቱ ጋ የሚደርሰው። ድስቱም ቢሆን ሽንኩርቱን በደረቁ ያቁላላል። ወጡ ካለቀ በኋላ ቅቤው ወይም መከለሻው ይጨመራል። ጾም ደግሞ የራሱ እጅ አለበት። ከ200 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ሥጋና ቅቤን ትቶ በሽሮ፣ በምስርና በክክ መራቀቁ አይቀርም፤ ሥጋ የማይበላው ሂንዱም ዳሉን እንዲሁ አራቀቀው። ሁለት ሃይማኖት፣ ሁለት ምክንያት፤ ድስቶቹ ግን አንዱ ሌላውን ይመስላሉ። እርድ የገባበትን አልጫ ያየ ሕንዳዊም የቤቱን ዳል ያየ ሊመስለው ይችላል።

አያቴ ዘነዘናዋን ከማንሳቷ ከ200 ዓመት በፊት ከሪ በሌላው ዓለም ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ሐና ግላስ የተባለች እንግሊዛዊት በ1747 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ በሕንድ ሥርዓት ከሪ የሚሠራበትን መንገድ አስገባች። በ1810 ሼክ ዲን መሐመድ የተባለ ሕንዳዊ ለንደን ውስጥ የሕንድ ምግብ ቤት ከፈተ። እንግሊዞች የብዙ ቤትን ቅመም አንድ ላይ ፈጭተው «የከሪ ዱቄት» ብለው በጣሳ ሸጡት። ባርነት ሲቀር ለሸንኮራ እርሻቸው ሕንዶችን በውል ሠራተኝነት ጫኑ፤ በ1845 ትሪኒዳድ፣ በ1860 ደርባን ወረዱ። ደርባን ላይ ዳቦ ተፈልፍሎ ከሪ ይሞላበት ጀመር። ጃፓኖች ከእንግሊዞች ተቀብለው ወፍራምና ጣፋጭ አድርገው ከሩዝ ጋር በሉት፤ በ1872 አሠራሩን በመጽሐፍ አተሙ። በርሊን ላይ በ1949 ሄርታ ሆይቨር ቋሊማ ላይ የከሪ ዱቄት ነሰነሰች። ታይላንድ ግን ጌንግ የምትለውን የራሷን አላስወሰደችም፤ ከሪ ብለው የጠሩት እንግዶች ናቸው፣ እንደ እኛው።

ወደ ሰሜን እንመለስ። በሰሜኑ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘመን፣ በ1837፣ ቪልሄልም ሽምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ኢትዮጵያ ገባ፤ እስኪሞትም አልወጣም። የሰሜንን ተራራ እየዞረ ቅጠል ሰበሰበ። የእኛ ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የእሱን ስም ተሸክሟል። በ1858 ድንች ወደ ኢትዮጵያ ያስገባ እሱ ነው ይባላል። ድንችም እንደ በርበሬው የአሜሪካ ልጅ ነው፤ ዛሬ ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ የደጋው ገበሬ ያለ እሱ አይውልም። ድንች ቀቅሎ በድልህ የሚበላ የሰሜን ልጅ የሁለት አህጉር ፍሬ እየጎረሰ ነው።

ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ በደጃች ካሳ ድል ሆኑ። ካሳም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅንም አገቡ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከሕንድ ሲመጣ አብዛኛው ጦር ሕንዳዊ ነበር፤ ዝሆኖችም ነበሩበት። የሰፈሩት ዙላ ላይ፣ ኮስማስ ጽሑፉን ከገለበጠባት ከአዱሊስ አጠገብ ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ ወደ ሕንድ ሲመደብም አብሮ ሄደ። የሰሜኑ ባላባት የልጅ ልጅ ሕንድ ውስጥ የልጅነት ዓመታቱን አሳለፈ፤ አገሩን ሳያይ በ18 ዓመቱ ሞተ። ስለ እሱ መጻፍ ሁልጊዜ ይከብደኛል።

ቅፍለቱን ያስቀረው መኪና ነው። ጣልያኖች በወረራው ዓመታት ሊማሊሞን ቆፍረው የመኪና መንገድ አወጡበት። ቁፋሮው ብዙ ላብ የፈሰሰበት ነው። በ1941 ጣልያን ከሊማሊሞ አናት ያለውን ወልቅፊትን ምሽግ አድርጎ እስከ መስከረም ተቋቋመ። ከከበቡት መካከል ከአርበኞቹ ጎን የሕንድ ፑንጃብ ወታደሮች ነበሩ፤ በደባርቅ ብርድ ቂጣቸውንና ዳላቸውን የበሉት ከዚሁ አካባቢ ከሚቀቀለው የባቄላ ክክ ብዙም ሳይርቁ ነው። በኋላም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሕንድ ሌላ ሰው ላከች፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት መምህራን። አባቴ ስለ አንዱ መምህሩ ሲያወራ የሚያስታውሰው ሒሳቡን ሳይሆን ቤቱን ያጥን የነበረውን የቅመም ሽታ ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ዓለም በሳንቃ በር በኩል መግባት ጀመረ። በዚያው ዘመን ግን ከዚህ አካባቢ የወጡም ነበሩ። የሰሜን፣ የወገራና የደምቢያ ቤተ እስራኤል በ1984 በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ፤ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ አለቁ። በ1991 ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ1542 ለክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ መንገዱን ያሳየው ሰው ወገኖች ናቸው። ከዚህ ምድር የያዙት ጥቂት ነው፤ በርበሬው ግን አብሯቸው ሄደ። ዛሬ በእስራኤል ከተሞች ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ እንጀራ ይጋገራል። ዋሽንግተን ላይም በ1978 ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በሩን ከከፈተ ወዲህ ወጥ በራሱ ስም ይሸጣል።

ጠዋት ሳንቃ በር ላይ በረዶ ሣሩን አልብሶት አደረ። በቅሎ ነጂዎቹ ወደ ጨነቅ ሰፈር ለመሄድ ጭነት ያስራሉ። ወጥ ሠሪው ማጀቱን ሲሰበስብ ድስቱን፣ ዘይቱን፣ የሽንኩርቱን ጆንያ ለበቅሎው ሰጠ። በርበሬው ያለበትን የፕላስቲክ ዕቃ ግን በጨርቅ ጠቀለለና በራሱ ቦርሳ ከተተው። «በቅሎዋ ብትወድቅስ» አለኝ። እናቱ ደባርቅ ላይ የደለዘችው ነው፤ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን እስራኤል፣ ናታንያ ላለች ለድሮ ጎረቤታቸው ልካለች። እንግዳዋ ከድንኳኗ ወጥታ ቁርሱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ፍርፍር ነበር፤ በትላንቱ ወጥ።